ከደመወዝ የተረፈውን ብር የት እናስቀምጥ? እቁብ፣ ባንክ፣ ማህበር፣ በግ ወይስ እህል

ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ሐይቅ፣ ደመወዝ በገባ ሰሞን የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ትንሽ ብር ተርፋኛለች፣ ምን ላድርጋት?» አንዱ እቁብ ግባ ይላል። ሌላው ብር ባንክ ተቀምጦ ምን ዋጋ አለው፣ በግ ግዛበት ይላል። ሦስተኛው ወርቅ ነው እንጂ ይላል። ሁሉም ለራሱ የሠራለትን ነው የሚመክረው። የእሱ ገቢና የእናንተ ገቢ፣ የእሱ ቤተሰብና የእናንተ ቤተሰብ ግን አንድ አይደለም።

የማምንበትን መጀመሪያ ልናገር። ወር እስኪያልቅ ጠብቆ የተረፈውን እቆጥባለሁ የሚል ሰው አይቆጥብም፤ ወር ሲያልቅ የሚተርፍ የለማ። ከገቢው በታች መኖር የሚችለው ደመወዙ በገባበት ቀን የቁጠባዋን ድርሻ ከእጁ አውጥቶ በቀረው የሚኖር ሰው ነው። ስለዚህ የቁጠባ ቦታ ስትመርጡ ከትርፉ በፊት «ብሬን ከራሴ ማን ይጠብቅልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከማስቀመጥ በፊት

ዕዳ ካለባችሁ መጀመሪያ እሱን ዝጉ። የሱቅ ዱቤ ወለድ የለውም ትሉ ይሆናል። በዱቤ የሚገዛ ሰው ግን ዋጋ አይከራከርም፣ ሌላ ሱቅ ሄዶ አያወዳድርም፣ ባለሱቁ ያለውን ተቀብሎ ይሄዳል። ልዩነቱ በየወሩ ይከፈላል። አራጣ ካለባችሁማ ቁጠባ የሚባል ነገር ለጊዜው አታስቡ። በወር 10 በመቶ እየከፈላችሁ በዓመት 7 በመቶ የሚያስገኝ ሂሳብ ውስጥ ብር ማስቀመጥ ለአበዳሪው መሥራት ነው። የስልክ ብድርም ብድር ነው። ቴሌብር ላይ ያሉት እንደ «መላ» እና «እንደኪሴ» ያሉት ለአንድ ድንገተኛ ቀን ያግዛሉ፣ ክፍያ ግን አላቸው። በየወሩ የምትወስዱ ከሆነ የሚቀጥለውን ደመወዝ ዛሬ እየበላችሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ብሩ የት እንደሚፈስ ለአንድ ወር ጻፉ። የቤት ኪራይንማ ሁሉም ያውቀዋል። የማይታወቀው ጫቱ፣ ከጫቱ ጋር የሚመጣው ለስላሳና ኦቾሎኒ፣ ባጃጁ፣ ካርዱ፣ ከሥራ መልስ የሚጠጣው ማኪያቶ ነው። በቀን 100 ብር ማለት በወር 3,000 ብር ነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ተሰብስቦ ዱዓ የሚደረግበት ወዳጃውም ጨዋታውም የወሎ ሕይወት ነው። ግን በየቀኑ የነበረው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ከ2,000 ብር በላይ በየወሩ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ለብዙ ሰው ይህ የሙሉ እቁብ መዋጮ ነው።

የማይነካ ወጪም አለ። የቅሬ (የእድር) መዋጮ አትቀንሱ። ሐዘን ቤት ሲገባ ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ሰውን ይዞ የሚደርሰው ቅሬ ነው። ቅሬ የሌለው ሰው በአንድ ሐዘን የዓመት ቁጠባውን ሊጨርስ ይችላል።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ የምጠቀምባቸው መመዘኛዎች እነዚህ ናቸው።

1. ከእጅ መራቁ። በስሜት ተነስቼ ዛሬ ማታ ላወጣው እችላለሁ ወይ?
2. ሲቸግር መገኘቱ። ልጅ ቢታመም በስንት ቀን እጄ ይገባል?
3. ከኑሮ ውድነት ጋር መራመዱ። የዛሬው 1,000 ብር ከርሞ ያንኑ ይገዛል ወይ?
4. የመጥፋት አደጋው።
5. የወለድ ነገር። ወሎ ውስጥ ለብዙ ቤተሰብ ይህ ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው፣ መመሪያ ሲጻፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።
6. በስንት ብር ይጀመራል?

ስድስቱንም የሚያሟላ የለም። ቢኖር ኖሮ ይህን መጻፍም አያስፈልግም ነበር።

እቁብ

በመጀመሪያው መመዘኛ እቁብን የሚያክል የለም። ባንክ ሳትሄዱ ብትቀሩ ማንም አይደውልላችሁም። እቁብ ሳትጥሉ ብትቀሩ ዳኛው ይደውላል፣ ዋሱ ይደውላል፣ ጎረቤት ያውቃል። ያ ይሉኝታ ነው ትልቁ ሀብቱ። ብዙ ሰው ለራሱ የገባውን ቃል ያፈርሳል፣ ለሰው የገባውን ግን ያከብራል።

ሂሳቡን እንየው። 12 ሰው በወር 1,000 ብር ቢጥል እጣው 12,000 ብር ነው። መጀመሪያ የወጣለት ሰው ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው። መጨረሻ የወጣለት ደግሞ ዓመት ሙሉ ያለ ምንም ጭማሪ ሲያስቀምጥ ነበር፣ ዋጋውም በዚያ መሐል ጨምሯል። እጣ ነውና ማን እንደሚቀድም አይታወቅም። ስለዚህ ቁርጥ ቀን ላለው ጉዳይ፣ ለምሳሌ ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ እቁብን ብቻ አትመኑ። አንዳንድ እቁብ ችግር ላለበት ሰው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ከመግባታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ተራውን መሸጥም የተለመደ ነው። እጣ የወጣለት ሰው ለቸኮለው ይለቅና በለውጡ ብር ይቀበላል። ወለድን የሚጠነቀቅ ሰው ይህን ነገር ከሚያምነው ዓሊም ሳይጠይቅ ባይገባበት ይሻላል። እቁቡ ራሱ፣ ያለ ጭማሪ የሚጣልና የሚወሰድ ከሆነ፣ ከወለድ ነጻ ነው።

አደጋው ሰው ነው። ቀድሞ ወስዶ የሚጠፋ ይኖራል። ዋስ በጽሑፍ ያዙ፣ ዋሱም እናንተ ልታገኙት የምትችሉት ሰው ይሁን። ረጅም እቁብ አልወድም። ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈጅ እቁብ ውስጥ ሰው ሥራ ይቀይራል፣ አገር ይለቃል፣ ብሩም ዋጋ ያጣል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሕዝቡ በአንድ ሰሞን ነው የተበተነው። እቁብ ደግሞ የሚቆመው ሰው በቦታው ሲኖር ነው። ከአንድ ዓመት የማይበልጥ፣ የምታውቋቸው ሰዎች ያሉበት፣ መዋጮው ከገቢያችሁ አምስት እጅ አንዱን የማያልፍ እቁብ ይበቃል።

ባንክ

ባንክን ሁለት ነገር ለይታችሁ እዩት፤ ወለድ ያለውና ወለድ አልባው።

ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጓል። በ7 በመቶ በየወሩ መጀመሪያ 1,000 ብር ብታስገቡ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 455 ብር ወለድ ታገኛላችሁ። የዋጋ ግሽበቱ በ2014 ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር አስታውሱ። ከዚያ ወዲህ ቢቀንስም ከ7 በመቶ በላይ እስከሆነ ድረስ ባንክ ያለ ብር የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ባንክን የማበልጸጊያ ቦታ አድርጋችሁ አትዩት። ከፍ ያለ ወለድ ከፈለጋችሁ በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ሂሳብ አለ፣ ተመኑም ብሩ በዛ ሲል ለድርድር ክፍት ነው፤ ጊዜው ሳይደርስ ብታወጡት ግን ያን ወለድ ታጣላችሁ።

ወለድ ለማይፈልግ ሰው ዛሬ ምርጫው ሰፊ ነው። ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ በሰኔ 2013 ሥራ ከጀመረ በኋላ ሂጅራም ተከትሏል፣ ብዙዎቹ መደበኛ ባንኮችም የተለየ መስኮት አላቸው። ሂሳብ ስትከፍቱ ወዲዓ ነው ወይስ ሙዳረባ ብላችሁ ጠይቁ። ወዲዓ ባንኩ በአደራ የሚጠብቅላችሁ ነው፤ ጭማሪ የለውም፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ታወጣላችሁ። ሙዳረባ ባንኩ ሠርቶበት ትርፉን በተስማማችሁበት ድርሻ የሚያካፍላችሁ ነው፤ ትርፉ አስቀድሞ አይታወቅም፣ ኪሳራም ቢመጣ የእናንተን ብር ሊነካ ይችላል። «ከወለድ ነጻ ነው» የሚለውን ብቻ ሰምታችሁ አትፈርሙ።

የባንክ ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ባንክ ላለ አንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ደግሞ ብራችሁ ከተማው ውስጥ አይደለም። የ2014ን ጥቅምትና ህዳር ያየ የደሴ ሰው ይህን በደንብ ይረዳል። ቤት የነበረው ዕቃ ተዘረፈ፣ ባንክ የነበረውን ብር ግን አዲስ አበባም ደብረ ብርሃንም የደረሱ ሰዎች እዚያው አገኙት። በተቃራኒው ከተማው ውስጥ የቀረው ሰው ቅርንጫፉ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ የራሱን ብር ማግኘት አልቻለም። የሁለቱም ትምህርት አንድ ነው፤ የሁለትና የሦስት ሳምንት ቀለብ የሚሆን ጥሬ ብር እጅ ላይ ይኑር፣ ሌላው ባንክ ይቀመጥ።

ቴሌብር ላይ ያለው «ሳንዱቅ» በትንሽ ብር ስለሚጀመር ለጀማሪ ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋም በ*127# መጠቀም ይቻላል። የስልክ ሂሳብ ችግሩ ግን በመጀመሪያው መመዘኛ መውደቁ ነው። ሌሊት ተኝታችሁም ልታወጡት ትችላላችሁ። ባንክም ቢሆን ኤቲኤም ካርድ ከያዛችሁበት ያው ነው። የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው፤ ሁለተኛ ሂሳብ ክፈቱ፣ ካርድ አትውሰዱበት፣ የስልክ አገልግሎት አታስገቡበት፣ ደመወዝ በገባ ቀን የተወሰነው ብር ወደዚያ በራሱ እንዲዛወር ባንኩን በጽሑፍ ጠይቁ።

ቁጠባና ብድር ማህበር

መሥሪያ ቤት ውስጥ ወይም ቀበሌ ውስጥ የሚቋቋመው የኅብረት ሥራ ማህበር እቁብንና ባንክን ያቀላቀለ ነው። መዋጮው ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል፣ ስለዚህ አይናችሁ ሳያየው ይሄዳል። ትልቁ ጥቅሙ ብድሩ ነው። የቆጠባችሁትን ብር እጥፍ እያደረገ ያበድራል፣ የባንክ ዓይነት የቤት ካርታ አይጠይቅም፣ አባላት እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ።

መፈተሽ ያለበት አስተዳደሩ ነው። ሂሳቡ በየዓመቱ በኦዲተር ይታያል ወይ? ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ያውቃል ወይ? የተበደሩት እየመለሱ ነው ወይ? ለቅቄ ልውጣ ብል ብሬ በስንት ጊዜ ይመለስልኛል? ለእነዚህ መልስ የማይሰጥ ማህበር ውስጥ አትግቡ። ከላይ ያልኩት የ100,000 ብር መድን እነዚህን ማህበራት አይጨምርም። ብድሩ ብዙ ጊዜ ወለድ ስላለውም ለእሱ የሚጠነቀቅ ሰው መተዳደሪያ ደንቡን ያንብብ።

በግና ከብት

ወሎ ውስጥ ብር ወደ በግ መቀየር ከአያቶቻችን የመጣ ቁጠባ ነው። ጥቅሙም እውነት ነው። የበግ ዋጋ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወልዳል፣ ሲቸግር ገበያ ወስዶ መሸጥ ይቻላል። ባቲ የሰኞ ገበያ የሄደ ሰው ከብትና ግመል እንዴት በአንድ ቀን ወደ ብር እንደሚቀየር አይቷል።

ግን ከተማ ለሚኖር ደመወዝተኛ ሂሳቡ ሌላ ነው። የገዛችሁበትን ዋጋ ከሸጣችሁበት ላይ ቀንሳችሁ ትርፍ ነው አትበሉ። ፉርሽካው፣ ፋጉሎው፣ ሣሩ፣ ክትባቱ፣ የመኪና ጭነቱ፣ የጠባቂው ድርሻ ሁሉ ይቀነስ። «ደስታ መሰል» የሚባለውን የመሰለ የበግና የፍየል በሽታ ያለ ክትባት መንጋ ውስጥ ከገባ ቁጠባችሁ በሳምንት ያልቃል። ገጠር ላለ ዘመድ ሰጥቶ ትርፉን እኩል መካፈል የተለመደ ነው፣ መልካምም ነው፣ ግን የሞተ በግ በማን ላይ እንደሚቆጠር በመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። በዚህ የተጣላ ዘመድ ብዙ ነው።

ድለባ ላይ የሚያዋጣው ጊዜውን ማወቅ ነው። ለአረፋና ለፋሲካ የሚያደልብ ሰው ከሦስት ወር ገደማ በፊት ይገዛል፣ በበዓሉ ሰሞን ይሸጣል። አረፋ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዛችሁ አትግዙ። ከበዓሉ ማግስት ያልተሸጠ ሙክት ዋጋው ይወርዳል፣ መብላቱን ግን አይተውም።

እህል

እህልን ከሌሎቹ ለይቼ ነው የማየው። ለትርፍ አትግዙት፣ ወጪ ለመቀነስ ግዙት። ትልቅ ቤተሰብ ላለው ሰው ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ እንደ እህል የሚያዋጣ አላገኘሁም።

ጤፍና ማሽላ አዝመራው በገባ ጊዜ፣ ከታህሳስ እስከ ጥር ባለው፣ ይረክሳል። ክረምት ላይ ይወደዳል። በየወሩ ጥቂት ኪሎ እየገዛ ዓመቱን የሚጨርስ ቤተሰብ የክረምቱን ዋጋ ይከፍላል፣ የችርቻሮውንም ጭማሪ ይከፍላል። የዓመት ቀለቡን በጥር የገዛ ሰው ለስድስትና ሰባት ወር ከዋጋ ንረት ተጠብቋል። ደግሞም ጎተራ ያለ ጤፍ ማታ ተነስቶ ማኪያቶ አይጠጣበትም።

የቆቦ ወይም የቃሉ ማሽላ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲጋገር ወጪው በደንብ ይወርዳል፣ እንጀራውም ይበላል። አቀማመጡ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ጤፍ ደቃቃ ስለሆነ ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፣ ደረቅ ቦታ ካለ ይቆያል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ባቄላና ሽምብራ ግን ይነቅዛሉ። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ያለ መድኃኒት ነቀዙን ያፍነዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ ሙቀቱ ነቀዝ ያፈላል፤ ደሴ ብርድ ስለሆነ ትንሽ ይሻላል፣ ክረምቱ ግን እርጥብ ነውና ከረጢቱን መሬት ላይ አታኑሩ፣ እንጨት ደርድሩለት።

እዚህ ላይ እቁብና እህል ይገናኛሉ። በየካቲት የተጀመረ የ11 ወር የጓደኛሞች እቁብ ታህሳስ ላይ ያልቃል። ዓላማው «የጤፍ እቁብ» ከሆነ፣ እጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ ታህሳስ ባንክ አቆይቶ ቀለብ ይገዛበታል፤ መጨረሻ የወጣለትም በወቅቱ ደረሰለት ማለት ነው።

ወርቅና ቤት ያለ ጥሬ ብር

ብሩ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 አልፏል። ወርቅ የያዘ ሰው በዚያ ዓመት አልተጎዳም። ግን ጌጥ ስትሸጡ የእጅ ሥራ የከፈላችሁበት አይመለስም፣ ስለዚህ ዛሬ ገዝቶ ከስድስት ወር በኋላ መሸጥ አያዋጣም። ካራቱን የሚገልጽ ደረሰኝ ያዙ። ለብዙ ዓመት ለማይነካ ብር ካልሆነ አልመክርም። ሙስሊም አንባቢዎቼ፣ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ያህል የደረሰና ዓመት የሞላው ጥሪት ዘካው 2.5 በመቶ መሆኑን በሂሳባችሁ ውስጥ አስገቡ።

ፍራሽ ሥር ያለ ብር በዋናዎቹ መመዘኛዎች ይወድቃል፣ ከአንዱ በስተቀር። ቶሎ ይገኛል። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ ቤት ያከማቸ ሰው ምን ያህል እንደተንከራተተ አይተናል።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ምርጫ | ከእጅ ይርቃል? | ሲቸግር ይደርሳል? | ከዋጋ ንረት ይጠብቃል? | ዋናው አደጋ | ወለድ |
|---|---|---|---|---|---|
| እቁብ | በጣም | እጣ ካልወጣ አይደርስም | አይጠብቅም | ወስዶ የሚጠፋ ሰው | የለውም (ተራ መሸጥ ይጠየቅ) |
| ባንክ | ካርድ ከሌለው | በዚያው ቀን | በከፊል | የብር ዋጋ መውረድ፣ የኔትወርክ መጥፋት | ሁለቱም አለ |
| ቴሌብር ሳንዱቅ | ትንሽ | ወዲያው | በከፊል | ቶሎ ማውጣት | ሲገባ ይጠየቅ |
| ማህበር | በጣም | ብድሩ ይደርሳል | በከፊል | ደካማ አስተዳደር | ብዙ ጊዜ አለው |
| በግ | አዎ | በገበያ ቀን | ይጠብቃል | በሽታ፣ የበዓል ማግስት ዋጋ | የለውም |
| እህል | አዎ | አይመከርም | በደንብ | ነቀዝ፣ እርጥበት | የለውም |
| ወርቅ | አዎ | በአንድ ቀን፣ በኪሳራ | ይጠብቃል | ስርቆት፣ የእጅ ዋጋ | የለውም |
| ቤት ያለ ብር | አይርቅም | ወዲያው | አይጠብቅም | ሁሉም | የለውም |

ለማን የትኛው?

መምህር፣ ነርስ፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆናችሁ መጀመሪያ የሦስት ወር ወጪ ባንክ ውስጥ ካርድ በሌለው ሂሳብ አጠራቅሙ። ያ እስኪሞላ ሌላ አትጀምሩ። ከሞላ በኋላ ማህበር ካለ ግቡ፣ ከሌለ የዓመት እቁብ። የጡረታ 7 በመቶ ከደመወዛችሁ እየተቆረጠ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ እየጨመረ ነው፤ ያም ቁጠባ ስለሆነ መግባቱን ተከታተሉ።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ደመወዛችሁ ትንሽ ነው፣ ወደ ቤተሰብም ትልካላችሁ። አብሽሩ፣ በትንሹም ይቻላል። አብረዋችሁ ከሚኖሩ ጓደኞቻችሁ ጋር ኪራይና አስቤዛ ተካፈሉ፣ በደመወዝ ቀን የምትጣል አነስተኛ እቁብ ግቡ፣ የተቀረችውን ሳንቲም ሳንዱቅ ላይ። ወደ ገጠር የምትልኩት ብር ደግሞ ሁሉም ለፍጆታ ከሚሆን ከፊሉ በእናንተ ስም በግ ይሁን።

ጉልት ወይም ሱቅ ያላችሁ ሰዎች የዕለት ወይም የሳምንት እቁብ ይስማማችኋል፣ ገቢያችሁም የዕለት ነውና። ግን የእቁቡን ብር ከዕቃ መግዣው ጋር አትቀላቅሉ። እጣ ሲወጣ ዕቃ የምትገዙበት ከሆነ፣ ምን እንደምትገዙ እጣው ሳይወጣ ወስኑ።

ልጆች ያሏችሁ ደግሞ በአንድ ዓመት አንድ ትልቅ ነገር ብቻ አሳኩ ብል፣ የዓመት እህል ነው። ሰርግና ድግስ የሚበዛው በጥር ነው፣ የእህል መግዣውም ጊዜ ያው ጥር ነው፤ የእህሉ ብር ለሰርግ እንዳይሄድ ጤፉ ታህሳስ ላይ ቤት ይግባ።

የቀን ሥራ ለምትሠሩት፣ ሥራ አንድ ቀን አለ አንድ ቀን የለም፣ ስለዚህ ቋሚ መዋጮ ያለው እቁብ አልመክራችሁም፤ አንድ ሳምንት ሥራ ቢጠፋ ከዋሳችሁ ጋር ያጣላችኋል። ሥራ ባገኛችሁበት ቀን ከአሥር እጅ አንዱን፣ ወደ ቤት ከመግባታችሁ በፊት፣ ስልክ ላይ ወይም ቅርብ ያለ ባንክ አስገቡ። 2,000 ብር ሲሞላ ወደ ሌላ፣ ካርድ ወደሌለው ሂሳብ አሻግሩት።